ሩቅ አሳቢ፥ ቅርብ አዳሪ
ከጋሸና እስከ ላሊበላ ስለሚደረግ የእግር መንገድ

መንገደኛ ከቤቱ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገር ማሰብ ይገባዋል፤ ይኸውም የሚደርስበትን ቦታና የሚያድርበትን ቦታ ነው። የሚበዛው ሰው ግን ስለሚደርስበት ብዙ ተነጋግሮ ስለሚያድርበት ሳይመክር ይነሣል። «ሩቅ አሳቢ፥ ቅርብ አዳሪ» የሚለው ተረት አሳቡ ከአቅሙ በላይ የሆነበትን ሰው ለመንቀፍ የተነገረ መሆኑ የታወቀ ነው። እኛ ግን ዘንድሮ በቤታችን ስለ ወደቀው ጉዳይ ስንመክር ሰንብተን፥ ይኸው ተረት ለተራራ መንገደኛ ነቀፋ ሳይሆን መልካም ሕግ ሊሆን እንደሚችል ተረዳን። ሽማግሌ ወላጅ ይዘው የእግር መንገድ የሚያስቡ ሌሎች ቤተ ሰቦችም ይጠቀሙበት ይሆናል በማለት ምክራችንን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈ ሲሆን የሚኖሩት በዋድላ ደጋ፥ ከጋሸና ከተማ አቅራቢያ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ ወደ ላስታና ወደ ዋድላ በደረሰ ጊዜ ታናሽ ወንድማችን ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ለብዙ ወራት ወሬው ጠፋ። ታኅሣሥ 29 ቀን ከጌታችን ልደት ጋራ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት አብሮ ይከበራልና፥ እናታችን «ልጄን በሕይወት ያሳየኸኝ እንደ ሆነ፥ ከደጄ ተነሥቼ በእግሬ መጥቼ ልደትህን አከብራለሁ» ብለው ለጻድቁ ተሳሉ። ወንድማችን በ2014 ዓ.ም. በደኅና ተመለሰ። ስለቱ ግን እስካሁን አልተከፈለም። አንድ ዓመት የመንገዱ ሰላም መታጣት ከለከለ፤ በሌላው ዓመት እናታችንን ጉልበታቸውን አመማቸው። ዘንድሮ ግን «የሰው ዕዳ እንኳ ይዞ መሞት ያሳፍራል፤ የጻድቁን ዕዳ ይዤ እንዴት እሞታለሁ?» ስላሉን ነገሩ ለቤተ ሰቡ ጉባኤ ቀረበ።

አሳባችን ለሁለት ተከፈለ። ታላቅ ወንድማችን «ከጋሸና እስከ ላሊበላ የመኪናው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጧት ተነሥቶ ለምሳ በሚደረስበት ቦታ፥ እናትን በገደል አውርዶ በዳገት ማውጣት ስለት መክፈል ሳይሆን ጭካኔ ነው» አለ። እኅታችን ደግሞ «ስለቱን የተሳሉት እርሳቸው ናቸው፤ እኛ ዕዳቸውን ልናቃልልላቸው እንጂ ልንሰርዝባቸው ሥልጣን የለንም» ስትል ተከራከረች። ሁለቱም የተናገሩት ከፍቅር የተነሣ ስለ ነበር ክርክሩ ቶሎ የሚያልቅ አልሆነም።

በመጨረሻ የእናታችን የንስሐ አባት ተጠየቁ። እርሳቸውም በጤና ዘመን የተሳሉትን ስለት በድካም ዘመን የንስሐ አባት ሊያቀልለው እንደሚችል፥ በበቅሎ መቀመጥም ስለትን እንደማያፈርስ ነገሩን። እናታችን ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ዳገቱን በበቅሎ እቀበላለሁ፤ ቁልቁለቱንና የመጨረሻዋን ጥቂት መንገድ ግን በእግሬ ነው» አሉ። በዚህም ተስማማን። ከዚያ በኋላ የቀረው፥ የተስማማንበትን መንገድ በእርሳቸው ጉልበት ልክ መስፋት ሆነ።

ለዚህም አስቀድሞ የአገሩን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሸና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ያለች፥ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድና ወደ ላሊበላ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው የተከዜን ሸለቆ ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት የሹምሽሐ ሜዳ ከፍታው 2,000 ሜትር አይሞላም። ከሜዳው ደግሞ ላሊበላ ወዳለችበት ወደ 2,500 ሜትር ገደማ መውጣት አለ። እንግዲህ መንገዱ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁለት፥ ከዚያም 500 ሜትር ያህል ዳገት አለው ማለት ነው።

በቤቱ ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው የሚያስፈራው ዳገቱ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ዳገት የሚያደክመው ሳንባን ነው፤ ሰውም ቆም ብሎ ሲተነፍስ ድካሙ ይወጣለታል። ቁልቁለት ግን የሰውነትን ክብደት በየእርምጃው በጉልበት ላይ ይጥላል፤ ሕመሙም አብዝቶ የሚታወቀው በማግሥቱ ነው። በቅሎም ብትሆን ሰው ተሸክማ ገደላማውን ስትወርድ ልትሰናከል ስለምትችል፥ በእንዲህ ያለ ቦታ ከኮርቻ ወርዶ መሄድ የመንገደኛ ልማድ ነው። ስለዚህ እናታችን ለስለታቸው የመረጡት ቁልቁለት፥ በቅሎ ልትረዳቸው የማትችልበት፥ የታመመ ጉልበትም አብዝቶ የሚጠላው ቦታ ሆኖ ተገኘ። የዝግጅታችንም ነገር ሁሉ የዞረው በዚሁ በቁልቁለቱ ነው።

ይህ አገር ለመንገደኛ አዲስ አይደለም። ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት ማለቂያና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሡ ወዲህ፥ ቀድሞ ሮሐ ትባል ወደ ነበረችው ከተማ ተሳላሚ ከየአገሩ በእግሩ ሲጎርፍ ኖሯል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1520ዎቹ ደርሶ፥ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ባየ ጊዜ ተደንቆ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። ዛሬ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከ1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው ይገኛሉ።

ስለ መንገድ ዝግጅት ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያስተምረን የ1860 ዓ.ም. ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በዋድላና በደላንታ በኩል ወደ መቅደላ ሲሄዱ፥ በጋፋት የተሠራውንና 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን ያስጎትቱ ነበር። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ ገደሉ እየተናደ፥ ድንጋዩ እየተፈነቀለ መንገድ ይወጣ ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ተጽፏል። በዚህም ምክንያት መንገዱ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በዚያው ዘመን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ፥ ከህንድ አገር ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ከባድ መድፎቹን አስጭኖ፥ በላስታ በኩል ወደ ዋድላ ደጋ ወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነውን አንባቢዎቻችን ሁሉ ስለሚያውቁት አንደግመውም።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ጉዳይ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱም ሠራዊት በእግረኛው ፍጥነት ሳይሆን ይዘውት በሚሄዱት በከባዱ ነገር ፍጥነት ተጓዙ። እናትን በመድፍ መመሰላችን እንዳይደለ አንባቢ ይረዳልናል። ነገር ግን ንጉሥም ይሁን ገበሬ፥ ሊለየው የማይገባውን ይዞ የሚጓዝ ሰው መንገዱን በዚያ ልክ መቍረጥ አለበት። እኛም «ብርቱው በቀን ስንት ይሄዳል?» ማለትን ትተን «እናታችን ዛሬ ሄደው ነገ ጧት ያለ ሕመም ሊነሡ የሚችሉት ስንት ነው?» ብለን ጠየቅን። መልሱንም በግምት አላገኘነውም። ከጥቅምት ወር ጀምሮ እኅታችን ከእርሳቸው ዘንድ ሰንብታ በየሳምንቱ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን አብራቸው እየሄደች፥ በማግሥቱ እንዴት እንደሚያድሩ ተመለከተች። ሐኪምም ጉልበታቸውንና የደም ግፊታቸውን መረመረ።

በዚህ መሠረት፥ የአገሩ ሰው ጭነት ይዞ በሁለት ቀን የሚጨርሰውን መንገድ በአምስት ቀን ከፈልነው፤ በአማካይ በቀን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታኅሣሥ 21 ቀን ማርያምን ብለን እንነሣለን። አንደኛው ቀን አጭር ነው፤ ደጋውን ሳንለቅ ከአፋፉ ላይ እናድራለን። ቁልቁለቱን ለሁለት ቀን ከፍለነዋል፤ በሁለተኛው ቀን እስከ እኩሌታው ወርደን ከቀትር በፊት እናርፋለን፤ የቀረውን በሦስተኛው ቀን ጧት እንጨርሳለን። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ሳይበረታ ተከዜን እንሻገራለን፤ ወንዙ በክረምት የሚያስፈራ ቢሆንም በታኅሣሥ ውኃው ያነሰ ነው። ከዚያ በሹምሽሐ በኩል አድርገን፥ በአምስተኛው ቀን እናታችን በበቅሎ ተቀምጠው ዳገቱን እንወጣለን። በመንገዱ ላይ ናኩቶ ለአብን እንሳለማለን፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ የተሠራች ስትሆን፥ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገበታ ተጠራቅሞ ጠበል ሆኖ ይቀዳል። ወደ ከተማው መግቢያ ስንደርስ እናታችን ከበቅሎ ወርደው የቀረውን እንደ ቃላቸው በእግራቸው ይሄዳሉ።

ከአምስቱ ቀን ሌላ አንድ የመጠባበቂያ ቀን ጨምረናል። ይህ ቀን ለየትኛውም ሥራ የማይሰጥ፥ ለጉልበት ሕመም ወይም ላልታሰበ ነገር የተጠበቀ ነው። እንዲህም ሆኖ በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ስለምንደርስ፥ እናታችን ዐርፈው ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ለመቆም፥ ጧትም በማሜ ጋራ የሚደረገውን የቤዛ ኵሉ ሥርዓት ለማየት ይችላሉ። በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚውል፥ በዚያ ዓመት የሚሄድ ሰው መነሻውን በአንድ ቀን ማስቀደም እንዳይረሳ እናሳስባለን።

ስንቅን በሚመለከት፥ ወሩ ጾመ ነቢያት መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ለወትሮው መንገድ የሚወደደው በቅቤ የታሸ ጭኮ በዚህ ጊዜ አይሆንም። በእርሱ ፈንታ የገብስ በሶ፥ የገብስና የሽንብራ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ድርቆሽ፥ ሽሮ፥ በርበሬና ጨው አሰናድተናል። ተልባ ተቈልቶና ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ ለደከመው ሰው መልካም ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው በሶ ነው፤ እሳት አይሻም፥ አይበላሽም፥ በትንሽ ውኃ ታሽቶ ይበላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በባዶ ሆዱ ገደል እንዳይወርድ፥ የቁልቁለቱን መንገድ በጧት መጨረስ ሌላው ጥቅሙ ይህ ነው። ለእናታችን ግን የንስሐ አባታቸው መድኃኒታቸውን ከምግብ ጋራ በጊዜው እንዲወስዱ ፈቅደውላቸዋል። ውኃ በየቦታው ይገኛል ብሎ ማመን አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኮዳ፥ በአህያም ላይ አንድ ጀሪካን ይኖራል፤ የምንጠጣውንም አፍልተን እንይዛለን።

ልብስን በሚመለከት፥ የታኅሣሥ ሌሊት በደጋው ላይ ውርጭ ያለበት፥ ቀኑ ደግሞ በተከዜ ሸለቆ ፀሐዩ የሚያቃጥል ስለ ሆነ ሁለቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። ለሌሊቱ ባና፥ ጋቢና ቁርበት፥ ለቀኑ ነጠላና ጥላ ይበቃል። ጫማ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለበዓል ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ ለመንገድ አይሆንም፤ እግር የለመደው፥ በቁልቁለት ጣት የማይነካ መሆን አለበት። የእናታችን ጫማ በመስከረም ተገዝቶ ሦስት ወር ሙሉ በቤትና በገበያ ተረግጧል። ከዚህም ሌላ ጠንካራ ምርኩዝ ያስፈልጋል፤ ቁልቁለት በሚወርዱበት ጊዜ ከጉልበቱ ክብደቱን የሚካፈለው እርሱ ነው።

የሰዎችን ሥራ እንደ ጥንቱ የጓዝ ሥርዓት ደለደልነው። ታናሽ ወንድማችን ፊታውራሪ ሆኖ ግማሽ ቀን ቀድሞ እየሄደ ማደሪያ ይለምናል። ታላቅ ወንድማችን ደጀን ሆኖ ከሁሉ በኋላ ይሄዳል፤ ማንም ከእርሱ ኋላ እንዳይቀር ኀላፊነቱ የእርሱ ነው። እናታችን ከፊት ይሄዳሉ፤ እርምጃውን የሚወስኑት እርሳቸው ሲሆኑ እርሳቸውን የሚቀድም የለም። ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ሽማግሌው ኋላ ቀርቶ ብርቱዎቹ ከፊት ተቀምጠው ሲጠብቁት እናያለን። ሽማግሌው ሲደርስ እነርሱ ዐርፈው ይነሣሉ፤ እርሱ ግን ሳያርፍ ይከተላል። ከፊት ያስቀደሙት እንደ ሆነ ግን ሁሉም እኩል ይሄዳል፥ ሁሉም እኩል ያርፋል።

ማደሪያን በተመለከተ የላስታና የዋድላ ሰው የመሸበትን እንግዳ የማይመልስ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አገሩ ጦርነትም ድርቅም የጎዳው ስለ ሆነ፥ ስድስት ሰው ሆኖ በአንድ ጎጆ ላይ መውደቅ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ስንቃችንን ራሳችን እንይዛለን፤ ለአስተናጋጁ ቤት ቡና፥ ስኳርና ጨው እናበረክታለን፤ ለበቅሎና ለአህያ ገለባ ዋጋውን እንከፍላለን። በጎረቤት በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ለእግረኛ እንግዶች ጎጆ ሠርተው፥ ከእንግዳው የሚገኘውን ገንዘብ ለመንደራቸው ሲያውሉት መታየቱ፥ እንግዳ መቀበልና ዋጋ መቀበል የሚቃረኑ እንዳልሆኑ ያስረዳል።

የመንገዱ ሰላም ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጠየቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ በክልሉ ውጊያ ስለ ተነሣ፥ ትናንት ደኅና የነበረ መንገድ ዛሬ ላይሆን ይችላል። በየማደሪያው ያሉ ሽማግሌዎች የሚቀጥለው መንገድ ደኅና ነው ሳይሉ ከቦታ አንነሣም። ደኅና አይደለም ቢሉ ስለቱ ለሚመጣው ዓመት ይቆያል፤ በዚህም እናታችን አስቀድመው ተስማምተዋል።

የቀረው አንድ ነገር ከስንቁም ከጓዙም ይልቅ ሲያስቸግረን ሰነበተ። ጉልበታቸው በመንገድ ቢታወክ «ይበቃል» የሚለው ማን ነው? እናታችን ሕመማቸውን የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ እንኳንስ በስለት መንገድ ላይ፥ በቤትም ቢሆን እስኪወድቁ ድረስ ዝም ይላሉ። እኛም ብንሆን ከመካከላችን አንዱ ከፍርሃት የተነሣ ያለ ጊዜው መንገዱን ሊያቋርጥባቸው ይችል ነበር። ይህ ጉዳይ በመንገድ ላይ፥ በድካምና በውርጭ መካከል የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ጠብ በሆነ ነበር። ስለዚህ ገና በቤታችን ተቀምጠን ቈረጥነው። ሥልጣኑ ለእኅታችን ተሰጠ፤ እርስዋ ከታላቁ ይልቅ ደፋር፥ ከታናሹ ይልቅ ታጋሽ ናትና። «እማማ፥ ይበቃል» ባለች ጊዜ እናታችን ያለ ክርክር በበቅሎ ወደ መኪናው መንገድ ይወጣሉ፤ በየማደሪያው አቅራቢያም በስልክ ሲጠራ የሚመጣ መኪና ተነጋግረናል። ታላቅ ወንድማችን ክርክሩን የተወው ይህ ሲወሰን ነው።

እናታችን ይህን ሁሉ ከተቀበሉ በኋላ እርሳቸውም በበኩላቸው አንድ ነገር ጠየቁን። «ከእናንተ መካከል ማንም ቀድሞኝ ከላሊበላ አይግባ፤ ወደ ኋላ የሚመለስ ቢኖርም ሁላችን እንመለስ፤ የተሳልሁት ስለ አንድ ልጄ ቢሆንም የምሄደው ከሁላችሁ ጋራ ነው» አሉ። ለብርቱ ሰው ይህ ቀላል ቃል አይደለም፤ በዓሉን ሳያይ የሚመለስ ሊሆን ይችላልና። እኛ ግን ሁላችንም እሺ አልን።

በላሊበላ ያለው ሕዝብ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ተሳላሚ ተቀብሎ እግሩን የማጠብ የቈየ ልማድ አለው። እግር አጣቢው ይህ ሰው በሁለት ቀን መጣ ወይስ በስድስት ብሎ አይጠይቅም፤ አቧራውን አይቶ ያጥባል። እንግዲህ ሽማግሌ ወላጅ ይዛችሁ ወደ የትኛውም ደብር ወይም ወደ ትውልድ አገራችሁ ለመሄድ የምታስቡ አንባቢዎቻችን፥ አሳባችሁን ሩቅ፥ ማደሪያችሁን ቅርብ አድርጉ፤ «ይበቃል» የሚለውን ሰው ገና ከቤት ሳትወጡ ምረጡ፤ ደካማውንም ከፊት አስቀድሙ። እኛም እግዚአብሔር ሰላሙን ከሰጠን ታኅሣሥ 21 ቀን ጧት በእናታችን እርምጃ እንነሣለን።